ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ጋሼ ኩርያኮስ ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ካሰፉት በኋላ ማኘካቸውን አቆሙ። ቅዳሴ አልቆ፣ ማኅበራችን በየወሩ በሚከራየው የኖቲንግሃም አዳራሽ ውስጥ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረን ሩዝና የዓሣ ወጥ እየበላን ነበር። ስልኩን ያቀበልኳቸው ጉራዬን ልነዛ ነው። ትናንት ከባለቤቴ ከቢንሲ ጋር ሽርሽር ወጥተን ከጫካ አንድ ፌስታል ሙሉ እንጉዳይ ለቅመን መጥተናል። አገር ቤት ኬረላ ዝናብ ሲገባ እንደምንለቅመው ያለ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ከሥሩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ከረጢት የታቀፈው። እንግሊዝ አገር በኖርንበት ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ገንዘብ ያገኘነው የመጀመሪያ ምግባችን ስለሆነ ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ልኬዋለሁ። ጋሼ ኩርያኮስ ግን አገር ቤት የግብርና መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ስልኩን አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው ካዩት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኤልዶ፣ በላችሁት እንዴ?»

«ኧረ ገና ነን። ለቁርባን ስለጾምን ዛሬ ማታ ልንበላው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው።»

«ከባርኔጣው ሥር ያለው ሽንሽን ምን ዓይነት ነው? ነጭ ነው ሮዝ?»

«ነጭ። ወተት የመሰለ።»

«የኛ የገለባው እንጉዳይ ሽንሽኑ ሮዝ ነው፣ አንተ ሰው! ይሄ ደግሞ አንገቱ ላይ ቀሚስ አለው፣ አታይም? ጉበት የሚጨርሰው እኮ ነው! አንዷ ብቻ ሰው ትገድላለች።»

«በእርድ አጥቤዋለሁ እኮ ጋሼ። እርዱ አልጠቆረም።»

«እርድ ምን ያውቃል? እርድ ሐኪም ነው?» አሉና ስልኩን የተበከለ ነገር ይመስል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ሂድና ድስቱን ጭምር ጣለው። ጾማችሁ ነው ያተረፋችሁ።»

በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ አማተቡ። አንዷ ሴትዮ ሻማ መብራት አለበት ብላ ተነሳች። ቢንሲ ግን አላማተበችም። እጇ ሩዙ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም የታየን ያው አንድ ነገር ነው፤ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳህን። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ወጡ ገና ከእሳት እንደወረደ፣ የመጀመሪያውን ጭልፋ ያወጣሁት ለጎረቤታችን ለአንቲ ኢኒድ ነበር።

አንቲ ኢኒድ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አንቲ የምንላቸው እንደ አክስት ቆጥረናቸው ነው። ቤታችን ከቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ሲያስሉ እንሰማለን፣ እኛ ስንጨቃጨቅ ይሰማሉ፣ ቋንቋውን አለማወቃቸው በጀን እንጂ። ወደምንኖርባት ትንሽ ከተማ በገባን በሦስተኛው ቀን የፖም ኬክ በዚያ ሳህን ይዘው በራችንን አንኳኩ። በእኛ ዘንድ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ባዶውን የመለሰ ሰው «ከዛሬ በኋላ አትምጡብኝ» እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ዓሣ በኮኮናት ሠርቼ ሞላሁበት። እሳቸው ብስኩት አድርገው መለሱት፤ እኔ ሥጋ፣ እሳቸው ኬክ፣ ሳህኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት አላገኘም። በመለሱ ቁጥር ክርናቸውን አጥሩ ላይ ጣል አድርገው «ግሩም ነበር የኔ ዳክዬ! ሙልጭ አድርጌ ነው የበላሁት» ይሉኛል። በዚያ አካባቢ ደስ ያላቸውን ሰው ሁሉ ዳክዬ ይላሉ፤ መጀመሪያ ሰሞን ስድብ መስሎኝ አኩርፌ ነበር።

እዚህ አገር የመጣሁት በሚስቴ ቪዛ ነው። ቢንሲ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት። እኔ በወረቀቱ ላይ የእርሷ ጥገኛ ተብዬ የተጻፍኩ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መጋዘን ውስጥ የተላከ ዕቃ የምለይ ሰው ነኝ። አገር ቤት የጎማ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስገባ ተነስተው ወንበር ይለቁልኝ ነበር። እዚህ መጋዘኑ ውስጥ ስሜን እንኳ በትክክል የሚጠራኝ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ «ጎበዝ» ያለኝ ሰው ቢኖር አንቲ ኢኒድ ብቻ ናቸው። ወጥ ስሠራ ቀድሜ የማስበው እሳቸውን ነበር፣ ቢንሲን እንኳ ከእሳቸው ቀጥዬ ነው። ይህን ቢንሲም ታውቃለች፣ ትስቅብኛለች።

ለሽርሽር የምንወጣው ደግሞ ወደን ብቻ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ቢንሲ ሥራ ስትገባ ባልደረቦቿ «ቅዳሜና እሁድን ምን አደረጋችሁ?» ብለው ይጠይቋታል፤ «ልብስ አጠብን፣ ተኛን» ማለት አሳፈራት። ስለዚህ ሥራ በማትገባበት ቅዳሜ ሁሉ እንወጣለን። የፈረሰ ግንብ አይተናል፣ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ተሳፍረናል፣ በግ ሲሸለት ቆመን አጨብጭበናል። ትናንት የሄድነው ወደ አንድ የድሮ ጌታ ርስት ነው። መግቢያው ነጻ ሆኖ መኪና ማቆሚያው አራት ፓውንድ ነው፤ አንድ የወረቀት ኩባያ ሻይ ሦስት ፓውንድ ከሰማንያ ስለሆነ ሻያችንን በፔርሙስ ይዘን ነው የምንሄደው። ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ዋርካ የሚያካክሉ የኦክ ዛፎች ሥር ያንን እንጉዳይ ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ።

«ተው ኢቻያ» አለችኝ ቢንሲ ክንዴን ይዛ። በእኛ ወግ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፣ ኢቻያ ነው የምትለው። «የጅብ ጥላ ቢሆንስ? ፈረንጆቹ እያዩት ያልፉታል እኮ።»

«ፈረንጅ እንጉዳይ በፕላስቲክ ካልታሸገ መች ያውቀዋል?» አልኳት። ቤት ስንደርስ እናቴ እንደምታደርገው እርድ በጥብጬ አጠብኩት። መርዝ ከሆነ እርዱ ይጠቁራል፣ ካልሆነ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። በእኛ ሰፈር የእንጉዳይ ዳኛው እርድ ነው። እርዱ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ቀረ። እናቴም በቪዲዮ አየችውና «ጥሩ ነው፣ አብስለው» አለችኝ። አበሰልኩት፣ ሳህኑን ሞላሁት፣ በአጥሩ ላይ አሻገርኩት።

ከአዳራሹ እስከ ቤታችን አርባ ደቂቃ ያስነዳል። ቢንሲ የአንቲ ኢኒድን ስልክ ደጋግማ ትመታለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ከፊት ለፊታችን ለእሁድ ሽርሽር የወጡ ሽማግሌ ብስክሌተኞች ተሰልፈው መንገዱን ሞልተውታል፤ ጥሩምባ መንፋት እፈራለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ጥሩምባ ነፍቼ አላውቅም። ከእንጉዳዩ አልቀመስኩም፣ ግን መርዙን የዋጥኩት እኔ ነበር የምመስለው።

«ሃያ ሰዓት ሊሞላው ነው» አለች ቢንሲ። «የዚህ መርዝ ክፋቱ ቶሎ አለመታወቁ ነው። መጀመሪያ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ከዚያ ይተዋል። ሰውዬው ተሻለኝ ብሎ ሻይ አፍልቶ ይጠጣል። ጉበቱ የሚያልቀው ያኔ ነው።» ይህን የተናገረችው ለበሽተኛ ዘመድ በምትናገርበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ እሱ ይበልጥ አስፈራኝ። ስልኩ እንደገና ይጠራል። ያቺን ሳሎን አውቃታለሁ፤ ስልኩ ያለው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከወንበራቸው ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። አንቲ ኢኒድ ምንጣፉ ላይ ወድቀው ስልኩን እያዩት ሲጠራ ታየኝ።

«ቢንሲ» አልኳት፣ «ሳህኑን እናንሳው።»

«ምን?»

«ቀድመን እንግባና ሳህኑን እናንሳው። በዚህ ዕድሜ ሆድ በስንቱ ነገር ይታመማል። ማን ከእኛ ጋር ያገናኘዋል...»

አልጨረስኩትም። ፍርሃት ነው የተናገረው እንዳልል፣ አፉ የእኔ ነው። ቢንሲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የነርስነት ፈቃዷ፣ ቪዛችን፣ ለቤት ብለን የምናጠራቅማት ትንሽ ገንዘብ፣ ሁሉም እዚያች ሳህን ላይ ተቀምጧል። ጋዜጣው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሁለታችንም አውቀነዋል፤ አሮጊት መርዞ የገደለ ባዕድ፣ ሚስቱ የአረጋውያን ነርስ።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ጭራሽ እንዳንሄድ እያሰብኩ ነበር። ሌላ ሰው ያግኛቸው እያልኩ። ሃያ ሽማግሌና አሮጊት በየቀኑ የማጥብ ሴት።» ከዚያ ድንገት ዞራ ጮኸችብኝ፤ «ኤልዶ! ንዳ!» በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ጥሩምባውን ነፋሁት። ብስክሌተኞቹ ዞረው ሰደቡኝ፣ አለፍኳቸው።

የአንቲ ኢኒድ መጋረጃ አልተገለጠም። የእሁድ ጋዜጣው በሩ ላይ በደብዳቤ ማስገቢያው እንደተሰካ ነው። አንኳኳሁ። ደወሉን ተጫንኩ። ጎንበስ ብዬ በማስገቢያው ሳይ ኮሪደሩ ጨለማ ነው፤ ከውስጥ ቴሌቪዥን ያወራል፣ ሰው ይስቃል። «አንቲ ኢኒድ!» ብዬ ጮህኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ መኪናውን ማጠቡን ትቶ አየኝ። በሩን በትከሻዬ ልመታው ስንደረደር ምንጣፍ ላይ ጫማ ሲጎተት ተሰማኝ፣ ቁልፉ ዞረ፣ አንቲ ኢኒድ በሌሊት ልብሳቸው ብቅ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምነው የኔ ዳክዬ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«ስልክ አያነሱም እኮ!» አለች ቢንሲ፣ እጃቸውን ይዛ የልብ ምታቸውን መቁጠር ጀምራለች።

«ሽንት ቤት ነበርኩ። ጠዋት ሆዴ ትንሽ ረበሸኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን ግን ተሽሎኛል። ሻይ ላፈላ ነበር።»

ቢንሲ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም፤ አባቴን ስቀብር አዝኛለሁ፣ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ጮኼአለሁ፣ ይህ ግን ሌላ ነው። ወንበራቸው ላይ አስቀመጥናቸው። እኔ ፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ።

«አንቲ ኢኒድ፣ ትናንት የሰጠሁዎት እንጉዳይ መርዝ ነው። አላወቅሁም። ከጫካ የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ ያበሰልኩትም እኔ ነኝ። ቢንሲ ተው ብላኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

አመድ የነበረው ፊታቸው ቀስ እያለ ቀላ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ቢንሲን፣ ከዚያ ወደ ኩሽናው በር አዩ።

«ኧረ ግሩም ነበር» አሉ።

«ምን ያህል በሉ?» አለች ቢንሲ፣ ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው፣ የድንገተኛ አደጋውን ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ደውላለች።

«እንግዲህ... ሁሉንም ነዋ። ሙልጭ አድርጌ።» ይህን ሲሉ ምንጣፉን ነበር የሚያዩት። «ግን ደህና ነኝ፣ አምቡላንስ ምን ያደርጋል? ለታመመ ሰው ይተዉት።»

ቢንሲ የሚጠይቋትን ትመልሳለች፤ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ መጠን። ሁሉንም በልተዋል ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ስልኩን ከአፏ አራቀችና፣ «እየመጡ ነው። ከምግቡ የተረፈ ካለ አስቀምጡልን ብለዋል፣ ኩሽና ግባና እይ» አለችኝ።

«ኩሽናው ተዝረክርኳል!» አሉ አንቲ ኢኒድ፣ ከወንበሩ ሊነሱ እየታገሉ። «አትግባ የኔ ዳክዬ፣ አላጠብኩም፣ አፍራለሁ!»

ኩሽናው እንደ መስተዋት ያበራል። ሳህኑ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ እንከን የለበትም። ሳየው እንባዬ መጣ። ድስት ከፈትኩ፣ ፍሪጅ ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ከመታጠቢያው ሥር ማዘጋጃ ቤቱ ለየቤቱ የሚያድለው የምግብ ትራፊ መጣያ አለ፣ አረንጓዴ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ። ምናልባት አንድ ማንኪያ ቢገኝ ብዬ ከፈትኩት።

እንጉዳዩ እዚያ ነው። አንድ ማንኪያ አይደለም፣ ሁሉም። ከነመረቁ፣ ከነኮኮናቱ፣ እኔ ከላይ ያስቀመጥኩት ቅጠል እንኳ አልተነካም። በእጄ ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ የሐሙሱ ሥጋ አለ፤ ኮኮናቱን በስሱ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ። መጣያው ረቡዕ ነው የሚወሰደው፣ ከዚያ በፊት የላክሁትን ሁሉ የቆሻሻ መኪናው ወስዶታል። ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። አንቲ ኢኒድ አይሞቱም። ሳቅሁ መሰለኝ፣ ወይም አለቀስኩ፣ ቢንሲ በኋላ ሁለቱንም ነው ብላኛለች። እግዚአብሔርን ቁጭ ባልኩበት ሦስት ጊዜ አመሰገንሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የመጣው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ። ሁለት ዓመት። ዓሣው፣ ሥጋው፣ ከሌሊቱ ጀምሬ ያቦካሁት የሩዝ ቂጣ፣ ለትንሣኤ የላክሁት ጣፋጭ። አጥሩ ላይ ያ ሁሉ «ግሩም ነበር»።

መጣያውን አቅፌ ወደ ሳሎን ተመለስኩ። አንቲ ኢኒድ አዩኝና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፣ ትንሽ ልጅ ሆኑ። ቢንሲ መጣያው ውስጥ አየች፣ ስልኩ ላይ ላለችው ሴት «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለችና ግድግዳውን ተደገፈች።

«አንቲ ኢኒድ» አልኳቸው፣ «እውነቱን ይንገሩን። ለሕይወትዎ ነው። አንድ ጉርሻ ቀምሰዋል?»

«አልቀመስኩም።»

«ምንም?»

«ምንም። ጠዋት ያመመኝ የቆየ ክሬም በልቼ ነው። ሆዴ ቅመም አይችልም የኔ ዳክዬ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ አይችልም። የመጀመሪያ ቀን ልነግርህ አጥሩ ጋ ወጣሁ። ገና ሳህኑን ሳልሰጥህ ፊቴን እንዴት ታየው ነበር! እንዴት ብዬ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ከዚያ በኋላማ» አሉ፣ እጃቸውን ከፊታቸው ሳያነሱ፣ «አልወደውም ካልኩህ አትመጣም ብዬ ፈራሁ። እዚህ በር ላይ የሚመጣ ሰው የለም እኮ። ልጄ አውስትራሊያ ነው፣ ለገና ነው የሚደውለው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የምታንኳኳው አንተ ነህ።»

መጣያው እቅፌ ውስጥ ነው፣ መርዙ ከአፍንጫዬ ሥር ይሸታል፣ የእኔ ቅመም፣ የእናቴ እርድ። ቢንሲ ለሴትየዋ እንዳልበሉ ነገረቻት፤ የሆነው ሆኖ አምቡላንሱ ይመጣል አለቻት፣ መጣ፣ ሁለት ወጣቶች አንቲ ኢኒድን አዩዋቸው፣ ደማቸውን ለኩ፣ እንጉዳዩን በሁለት ከረጢት አሰሩት። አንደኛው እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ሁለተኛ ከጫካ ምንም እንዳልለቅም መከረኝ። ፖሊስም ጋዜጣም አልመጣም። እነሱ ከሄዱ በኋላ አንቲ ኢኒድ ተነስተው ሳህኑን ከመደርደሪያው አመጡልኝ።

«የምጨምርበት ነገር የለኝም ዛሬ» አሉ።

«ባዶውን ይስጡኝ» አልኩ። ተቀበልኩት። እስከ በራችን ድረስ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ ባዶ ሳህን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ሰኞ ቢንሲ ሥራ ስትገባ ቅዳሜና እሁድን ምን አደረጋችሁ ብለው ጠይቀዋት «ልብስ አጠብን» ብላቸዋለች።

ማክሰኞ ድንች ቀቀልኩ። ቅመም የለም፣ ኮኮናት የለም፣ ቅቤ ብቻ። በአጥሩ ላይ አላሻገርኩትም፤ በበሩ ገባሁ፣ ሁለት ሹካ አወጣሁ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አንቲ ኢኒድ አንዱን ቆርጠው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ዓይኔን ከአፋቸው አልነቀልኩም። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ትንፋሽ ወሰዱ።

«ጨው አንሶታል» አሉኝ።

ተነስቼ ጨው አመጣሁላቸው።